ያቺን ጠርሙስ ከፈትኳት

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ አቦ? ልጆቹ፣ ስራ፣ የካናዳ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሁለት አመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን ቸግሮት ነው እንዳትል፣ ምንም አልቸገረኝም፣ የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው። ጠርሙሷን ከፈትኳት። አዎ ያችኑ፣ 2011 መጥተህ ስትመለስ «ማንም እንዳይነካት፣ ስመጣ አብረን ነው» ብለህ ያስቀመጥክብኝን የፈረንሳይ ቀይ ወይን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቤታችን የወይን ቅምሻ ከነእራቱ ደግሰን ነበር። ሀሳቡ የኔ እንዳይመስልህ፣ ሚስቴ አዲስ አበባ ለስልጠና ሄዳ እዛ ሲደረግ አይታ መጣችና ካላደረግን ሞቼ እገኛለሁ አለች፣ እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ እምቢ ማለት አልችልም። ዘጠኝ ሰው ጠራን፣ ብርጭቆ ከእቃ አከራይ፣ ወንበር ከጎረቤት፣ የከዚራው ቤት በረንዳ ላይ። በግንቦት! በድሬ ግንቦት ወይን የሚደግስ ሰው ከኛ ቤት በቀር ያለ አይመስለኝም።

ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ነው የሚጠጣው ይላሉ አይደል፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን አይናገሩም። እነሱ ቤት ማለት 16፣ 18 ዲግሪ ነው፣ የኛ ሳሎን ከመሸ በኋላም ከ30 አይወርድም፣ እንደዛ ሆኖ ከቀዳኸው ደግሞ አልኮሉ አፍንጫህን ነው የሚመታህ፣ ሌላ ምንም አይሸትህም። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አወጣሁና ውሃ፣ በረዶ፣ ሁለት እፍኝ ጨው ጨምሬ ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ነከርኳቸው፣ ቀዩን ለሩብ ሰአት ነጩን ለግማሽ። በረዶ ብቻ ከምትደረድርበት ውሃው ሲኖር ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚይዘው ቶሎ ያበርደዋል፣ ጨው ሲገባ ደግሞ ጭራሽ። ከዛ እንዳይታወቁ የልጆቹን ካልሲ አልብሼ ቁጥር ለጠፍኩባቸው። ልጁ «የኔን የኳስ ካልሲ!» ብሎ አለቀሰ።

ሶስት አይነት ነበር፣ ነጩ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ፣ ቀዩ ጉደር፣ ጣፋጩ አክሱሚት። ለአንድ ሰው ለቅምሻ 50 ሚሊ ገደማ ነው የሚቀዳው፣ ታች ትንሽ ጉብ ያለች። ጓደኞችህ ሲያዩ «ይሄ ምንድነው፣ መድሃኒት ነው?» መተፊያ ባልዲ ሳቀርብማ ተነስተው ሊሄዱ ነበር፣ ገንዘብ አውጥተህ ገዝተህ ልትተፋው? ማንም አልተፋም፣ ባልዲው በመጨረሻ የዶሮ አጥንት መጣያ ሆነ።

ምግቡ ላይ ግን ብዙ ነገር ገባኝ። ነጩ ከሳምቡሳ ጋር፣ ቅዝቅዝ ብሎ፣ ዘይቱን ከአፍህ ጠርጎ ይወስደዋል፣ አቦ ያን ቀን አንተ አለመኖርህ ነው ያናደደኝ። ጉደርን ብቻውን ሲቀምሱት ምላስ አደረቀ ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ፣ የፍየል ጥብሱ ከነስቡ ሲመጣ ያ ማድረቁ ለዘብ አለ፣ ታኒን የሚሉት ነገር ስጋና ስብ ሲያገኝ ይገራል። ያንኑ ጉደር ከዶሮ ወጡ ጋር ስንሞክረው ግን ጉሮሮ ላይ እሳት ሆነ፣ በርበሬና አልኮል ሲገናኙ ይባባሳሉ። ለዶሮ ወጥ ጣፋጩ አክሱሚት ነው ጌታዬ፣ ወይን አዋቂ ነኝ ባዮች ጣፋጭ ወይን ሲንቁ ዶሮ ወጥ በልተው ስለማያውቁ ነው። እህቴ ከሐረር ሐልዋ ይዛ መጥታ ነበር፣ ከአክሱሚቱ ጋር ስናቀርበው ያ ሁሉ ጣፋጭ ወይን ኮምጣጣ ሆኖ አረፈው። ከወይኑ የሚበልጥ ጣፋጭ ምግብ ካለ ወይኑ ይሸነፋል።

የቀኑ ጀግና ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ቅመም ነጋዴዋ ጎረቤታችን። ጴንጤ ነች፣ አትጠጣም፣ ለእራቱ ብላ ነው የመጣችው፣ የቡና ቅጠል ቁጢዋን ይዛ ጥግ ተቀምጣ እየሳቀችብን ነበር። አፍንጫዋን አውቃለሁና እስቲ አሽትችልኝ አልኳት። አይኗን ጨፍና «ይሄ ሙዝ ሙዝ ይላል፣ ይሄኛው ቅርንፉድ አለበት» እያለች ሁላችንንም ጸጥ አሰኘችን።

ያኔ ነው እንግዲህ ሞቅ ያለው አንዱ ጓደኛህ «የካናዳውስ ጠርሙስ?» ያለው። ማንም ያስታውሳታል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ፍሪጁ አናት ላይ ነበረች። ተጋድማ ሳይሆን ቆማ፣ ከስር ሞተሩ እያሞቃትና እያንቀጠቀጣት፣ ከላይ የድሬ ሙቀት። ወይን 12፣ 13 ዲግሪ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው፣ ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። «ጠርሙሷ እንዴት ናት?» ብለህ የጻፍክልኝ ጊዜ ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ አንገቷ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ወርዶ ነበር፣ እኔ «አለች፣ እየጠበቀችህ ነው» አልኩህ። ከዛ በኋላ ስልክህን ባየሁ ቁጥር ስለሷ የምትጠይቀኝ ይመስለኛል፣ ነገ እደውላለሁ ስል ነገ ሁለት አመት ሆነ። ለአባትህ ለቅሶ ሶስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፣ አንተ ጋ መደወል ግን አቃተኝ። በጠርሙስ ምክንያት! ሰው ቢሰማ ምን ይላል።

ከፈትናት። ቀለሟ ቡኒ ሆኗል። ጎረቤታችን ብርጭቆውን አንዴ ጠጋ አድርጋ «ይሄማ ምድጃ ላይ የተረሳ ዘቢብ ነው» አለች። ቀመስኳት፣ የተቀቀለ ነገር፣ መጨረሻው ላይ ኮምጣጤ። አንድም ሰው አልጨረሰም፣ እኔ ብቻ የቀዳሁትን ጠጣሁ፣ ያንተ ስለሆነች። ከዚህ ውስጥ ደግሞ ነገር እንዳትፈልግበት፣ ወይን ነው ተቀቀለ በቃ።

እህቴ ሳቀችብኝ፣ «ለኔ ብትሰጠኝ ኖሮ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ሐረር ከድሬ 600 ሜትር ከፍ ይላል፣ የጀጎል ቤቷ ደግሞ ግድግዳው ወፍራም ነው ቀን እንኳን ቀዝቃዛ ነው። አልጋዋ ስር ቦታ አዘጋጅታለች። ስትመጣ ሁለት ያዝ፣ አንዷን በመጣህበት ቀን እንጨርሳታለን፣ ሌላዋ ሐረር ትሄዳለች።

የድሮው ቁጥርህ ይሰራል? እሁድ ማታ ልደውል ነው፣ እናንተ ጋ ጠዋት ሲሆን። አንሳ እሺ።