መብራት ሲመለስ ስለሚደርሰው ጉዳትም ይጻፍ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኤሌክትሪክ መቋረጥ በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት ስከታተል ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ የሚያነሡት መብራት በጠፋበት ሰዓት ቤተሰብ ላይ ስለሚደርሰው እንግልት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ ብዕሬን ያነሣሁት ግን እምብዛም ስለማይነገርለት ጊዜ፣ ማለትም መብራቱ ተመልሶ ስለሚመጣበት ሰዓት ነው።

ምክንያቴ በራሴ ቤት የደረሰ አደጋ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ልብስ እየተኮስኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ጥቂት ከጠበቅሁ በኋላ ሰዓት ስለረፈደብኝ፣ ካውያውን ከሶኬቱ ሳልነቅል በመተኮሻው ጨርቅ ላይ እንደተኛ ትቼው ወጣሁ። ቀትር ላይ ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ ጨርቁ ከስሏል፤ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ በጠርዙ በኩል መጋየት ጀምሯል። ዋናውን ማብሪያና ማጥፊያ ካወረድሁ በኋላ እሳቱን ማጥፋት ቻልሁ። ልጆቼ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበሩ። የዕረፍት ቀን ሆኖ ተኝተው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ዛሬም ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ወዲህ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ «መጣ ወይ?» እያለ ማብሪያና ማጥፊያውን ደጋግሞ እንደሚጫን ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የትኛው እንደበራ፣ የትኛው እንደጠፋ የሚያስታውስ አይገኝም። ካውያም ሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ኃይል ሲያጣ ስለሚቀዘቅዝ የጠፋ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን እንደተከፈተ ነው። ስለዚህ መብራት በጠፋ ጊዜ ከሁሉ በፊት ሊደረግ የሚገባው፣ ሻማ ከመፈለግም በፊት፣ ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎችን ከሶኬት መንቀል ነው።

ሌሎቹንም ዕቃዎች መንቀል ይበጃል። መብራት ሲመለስ በየቤቱ ያለው ሞተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ሞተር ደግሞ በሚነሣበት ቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ኃይሉ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም ወዲያው ተመልሶ ይጠፋል። በዚህ መዋዠቅ በእጅጉ ከሚጎዱት አንዱ ማቀዝቀዣ ነው። ቅዝቃዜውን የሚፈጥረው ሞተር፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ፣ ከቆመ በኋላ በውስጡ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃዎች ያስፈልጉታል፤ ሳይስተካከል ቢነሣ ከአቅሙ በላይ ይታገላል፣ የሽቦ ጥቅልሉም እስከ መቃጠል ሊደርስ ይችላል። እኛ ቤት አሁን አንዲት አምፖል ብቻ እንደበራች እንተዋታለን። እርሷ ስትበራ መብራት መምጣቱን እናውቃለን፤ ማቀዝቀዣውን ግን ኃይሉ ሳይቆራረጥ 10 ደቂቃ ያህል እስኪቆይ ድረስ አንሰካውም።

ስለ ምግብም ጥቂት ልጨምር። በሩ ሳይከፈት የቆየ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የበረዶው ክፍል ሙሉ ከሆነ እስከ 48፣ ግማሽ ከሆነ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ችግሩ ግን ቤተሰቡ ሳይኖር መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ ነው፤ የቀለጠው ሥጋ እንደገና በረዶ ስለሚሆን ምንም ያልደረሰበት ይመስላል። በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን ሽታም ጣዕምም ሳይለውጡ ሊራቡ ስለሚችሉ ቀምሶ መፍረድ አያዋጣም። እኔ አንድ ኩባያ ውኃ በረዶ አድርጌ በላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጣለሁ። ከሄድሁበት ስመለስ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኘሁት፣ በሌለሁበት ጊዜ በረዶው መቅለጡን ዐውቃለሁ፤ የሚበላሸውንም ምግብ ሳልራራ እጥላለሁ። ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ የሚያኖሩ ሰዎችማ ከዚህ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው፤ በሙቀት የተጎዳ ኢንሱሊን መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላልና፣ ከተጠራጠሩ ሳይወስዱት በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሊያማክሩ ይገባል።

መብራት ሲመጣ የሚረሳው ሌላው ነገር በጨለማው ጊዜ የተለኮሰው እሳት ነው። ሁሉም በደስታ ወደ ሥራው ሲበተን በጓዳ የተተከለው ሻማ ይነዳል፤ ለሙቀት ወደ ክፍል የገባው ከሰልም እዚያው ይቀራል። በመሠረቱ ከሰልም ሆነ ጄኔሬተር ወደ ቤት ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም፤ የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫውን ከበርና ከመስኮት አዙሮ መቀመጥ አለበት።

በዚህ አጋጣሚ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። የኤሌክትሪክ ማቋረጥ ማስታወቂያ በጋዜጣችሁ ሲወጣ የሚነግረን ኃይሉ የሚቋረጥበትን ሰዓትና አካባቢ ነው። ከሥሩ «ካውያና ምድጃ ከሶኬት ይነቀል፤ መብራት ሲመለስ ሻማና ከሰል መጥፋቱ ይረጋገጥ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢታከሉበት ብዙ ቦታ አይወስዱም። እኔ ያን ዕለት ማለዳ እነዚህን መስመሮች አንብቤ ቢሆን ኖሮ ካውያውን ነቅዬ እወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ