የሥነ ጥበብ ክበብ፦ ግጥሙና ዜማው የማን ነው?

የትምህርት ቤታችን የሥነ ጥበብ ክበብ ዘንድሮ ስለ መንፈሳዊ ዘማሪዎች እንደሚሠራ ሲሰማ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ግር ብሏቸው ነበር። አልፈርድባቸውም። ሕገ መንግሥቱ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ስለሚል፣ ግቢ ውስጥ አንዘምርም፤ ባለሙያዎቹን ግን እናውቃለን፣ እናሳውቃለን ብለን ጀመርን። ከደብረ ብርሃን ሰንበት ትምህርት ቤቶች የመጡትም በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኳየር የሚያገለግሉትም አንድ ክፍል ገቡ። የመጀመሪያው ስብሰባ «የእኛ ይቅደም» ሲባባሉ አለቀ።

ያስማማቸው የጋራ ቅሬታ ነው። ከስልክ ስልክ የሚዞረው መዝሙር ላይ የዘማሪው ስም እንኳ ብዙ ጊዜ የለም፤ የግጥምና የዜማው ባለቤትማ ጨርሶ አይነሳም። አባላቱ በየሰፈራቸው የሚዘመረውን ይዘው ባለቤት ፍለጋ ወጡ፣ ያገኙትንም በደብተር አሰፈሩ። አንዲት አገልጋይ ግን «ልጆቼ፣ እኔ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን በስሜ ምን ልትሠሩበት ነው?» ብለው መለሷቸው። ከኳየሮቹም ወገን እንዲሁ ያሉ ነበሩ።

እኔ ትሕትናው የባለቤቱ ነው፣ ገልባጭ ስም የሚፍቅበት ፈቃድ አይደለም ባይ ነኝ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲነሳለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ እንዳይነሳ የመምረጥም እንዲሁ። ስለዚህ በደብተሩ ላይ «ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁ» የሚል ገጽ ከፈትን።

በሁዳዴ አንድ በገና ደርዳሪ አባት ጋበዝን። በቃላችን መሠረት ሳይዘምሩ ድርደራውን ብቻ አሳዩን። ከአውታሩና ከመደገፊያው መካከል የምትገባ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች፤ አንዷን ሲያወጧት ያ የበገና ንዝረት ከዚያ አውታር ላይ ጠፋ፣ ሲመልሷት ተመለሰ። ኳየር የሚያገለግል ጊታሪስታችን ከአጠገባቸው አልነቃነቅ አለ። ጾመኞቹ ልጆች ያን ቀን ድካማቸውን የረሱ ይመስለኛል።

በሚኒሚዲያ ያቀረብናቸው ዝግጅቶች ጥቂት ናቸው፣ ድምፅ ማጉያው ሲያሰኘው ነው የሚሠራው። ጥሩ የወጣልን ስለ ደርግ ዘመን የቀረበው ነው፦ ዓለሙ አጋ ያስተምሩት የነበረው የበገና ትምህርት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መቋረጡና የወንጌላውያኑ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ 7 ዓመት መታሰሩ በአንድ ዝግጅት ተነገሩ። ልጆቹ የሁለቱን ታሪክ ያነበቡት አንዱ የሌላውን ቤተ እምነት ታሪክ ይዞ ነው፤ ሐሳቡም የራሳቸው ነው።

ደብተሩ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፣ በውሰት አይወጣም። ለከርሞ መቅረጸ ድምፅ ጠይቀናል።