የካሳ ስምምነት መቼ ይፈረም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአካል ጉዳት የተነሳ የካሳ ጥያቄ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት ቢያልቅ ይሻላል የሚለው ምክር ትክክል ነው። ክርክር ዓመታት ይፈጃል፣ የጠበቃና የባለሙያ ምስክር ወጪ ካሳውን ይሸረሽራል፣ ውጤቱም አስቀድሞ አይታወቅም። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ «ቶሎ ጨርሱት» ከሚል ቃል ጋር ነው የሚመጣው። ተጎጂዎችን ለኪሳራ የሚዳርጋቸው ይህ ችኮላ ነው።

የካሳ ስምምነት ሰነዶች መጨረሻ ላይ «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የሚል ዓረፍተ ነገር የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር የታወቀውን ጉዳት ብቻ ሳይሆን ገና ያልታየውንም ይዘጋል። መገጣጠሚያን የነካ ስብራት ጀሶው ከወጣ ከዓመታት በኋላ የማይለቅ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሐሳቡን መሰብሰብና ማስታወስ እንደተሳነው የሚያውቀው አንዳንዴ ሥራው ላይ ሲመለስ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ስምምነት መፈረም ያለበት ሐኪሙ ሕክምናው የሚያመጣውን ለውጥ ማምጣቱንና የቀረው ጉዳት ቋሚ መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ ታካሚው በምን ይታከም? መልሱ ጊዜያዊ ክፍያ ነው። ከፋዩ ወገን ወይም የመድን ድርጅቱ ለሕክምናና ለቀለብ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል፤ ደረሰኙ ላይ «ከመጨረሻው ካሳ ላይ የሚታሰብ እንጂ ጥያቄውን የሚዘጋ አይደለም» ተብሎ ይጻፋል። ይህች ሐረግ ከሌለች የሕክምና ወጪ መቀበያ ተብሎ የቀረበ ወረቀት ኋላ የመጨረሻ ስምምነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

መጠበቅም ግን የራሱ አደጋ አለው፤ ይርጋው፣ ማለትም ክስ መክፈት የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ይቆጠራል። ጊዜው እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ድርድር ላይ መሆን ብቻውን ቆጠራውን አያቆመውም። «እያየነው ነው»፣ «በሚቀጥለው ወር እንነጋገር» በሚሉ መልካም ቃላት ጊዜው አልፎ መብቱ የጠፋበት ተጎጂ ብዙ ነው። መፍትሔው ሕጉ ከፈቀደ ቆጠራው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እንዲቆም ሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ መስማማታቸው ነው። ከፋዩ ይህን አልፈርምም ካለ ተጎጂው ክሱን በጊዜው ከፍቶ ድርድሩን ይቀጥል። ክስ መክፈት ዕርቅን አይከለክልም።

ማስረጃ መሰብሰብ ግን ሐኪም የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። የደኅንነት ካሜራ ቅጂ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በአዲስ ስለሚተካ፣ ባለቤቱ እንዲያስቀምጠው የሚጠይቅ ደብዳቤ ወዲያው መድረስ አለበት። የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ የቦታው ፎቶግራፍ፣ የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ካርድ፣ ከአደጋው በፊት የነበረው የገቢ ማስረጃም እንዲሁ። ለሌላው ወገን የሚሰጠው ኮፒ ነው፤ ዋናው ከባለቤቱ እጅ አይውጣ።

ስሌቱ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ድርድር የሚበላሸው እዚህ ነውና። ሐኪም የሚሰጠው የጉዳት መቶኛ የገቢ መቀነስ መቶኛ አይደለም። የአንድ ጣት ጉዳት ለልብስ ሰፊና ለአስተማሪ እኩል አይመዝንም። ሁለተኛው የወደፊት ገቢ ነው። በዓመት 100 የሚያገኝ ሰው የቀሩትን 20 የሥራ ዓመታት ገቢ በሙሉ ቢያጣ፣ በቀላሉ ሲባዛ 2,000 ይሆናል። ከፋዩ «ገንዘቡን ዛሬ በአንድ ጊዜ ስለምትቀበል ወለዱ ይቀነስ» ይላል፤ በ3 በመቶ ሲታሰብ ወደ 1,488፣ በ5 በመቶ ደግሞ ወደ 1,246 ይወርዳል። መቀነሱ በራሱ አግባብ ነው። አግባብ የማይሆነው ወለዱን አስቦ የደመወዝን ዕድገት መተው ነው፤ ደመወዙ ወለዱን ያህል የሚያድግ ከሆነ ስሌቱ ተመልሶ ወደ 2,000 ይጠጋል። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበትም ድርሻው ይቀነሳል፤ 25 በመቶ ከሆነ 1,000 የነበረው 750 ይሆናል። ከሁሉ በላይ የሚረሳው የቤተሰብ ድካም ነው። ሥራዋን ትታ የምታስታምም እህት ደመወዝ ስላልጠየቀች ጉልበቷ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቅረብ።

ጥያቄው ከነዝርዝሩና ከነማስረጃው በደብዳቤ ቀርቦ፣ ለምሳሌ በ30 ቀን መልስ እንዲሰጥበት ይጠየቃል። ካልተስማሙ አስታራቂ ይግባ። አስታራቂ አይፈርድም፤ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻም እያነጋገረ ያቀራርባል። ለብቻ የተነገረው ወደ ሌላው ወገን ይሂድ አይሂድ ለአስታራቂው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ከከፋዩ በኩል የሚመጣው ሰው የመወሰን ሥልጣን ከሌለው ቀኑ በከንቱ ያልቃል፤ ይህ ቀጠሮ ሲያዝ ይጠየቅ። የግልግል ዳኝነት ግን ሌላ ነው፤ ወገኖቹ የተስማሙበት ገላጋይ ዳኛ ይፈርዳል። ውሳኔው አስገዳጅ ነው፣ ይግባኙም ጠባብ ነው። ያንን ለሚፈራ አስቀድሞ ወለልና ጣሪያ መወሰን ይቻላል፤ ከ300 እስከ 800 ቢባል፣ 1,000 ቢፈረድ 800፣ 100 ቢፈረድ 300 ይከፈላል።

ጉዳት ያደረሱት ከአንድ በላይ ከሆኑ፣ ከአንዱ ጋር ሲታረቁ ሌሎቹ ነጻ አለመውጣታቸው ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ለሕክምናው የከፈለ ሌላ መድን ገንዘቡን መልሶ ቢጠይቅ ማን እንደሚከፍልም እንዲሁ። ተጎጂው ልጅ ከሆነ በብዙ አገር የወላጅ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ የፍርድ ቤት ማጽደቂያ ያስፈልጋል። የክፍያው ቀንና የመዘግየት ወለድ ያልተጻፈበት ስምምነት ሌላ ክርክር ይወልዳል። ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ስምምነቱን ፍርድ ቤት አስመዝግቦ እንደ ፍርድ የሚፈጸም ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ካልሆነ ፊርማውና ክፍያው በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ