ግልጽ ደብዳቤ፦ የመስከረሙ ከረጢት ማን ጋ ደረሰ?

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎንም የቢሮዎንም ስም አንጽፍም፤ ደብዳቤው እርስዎን እንደሚመለከት ለመገመት ግን አይቸገሩም። በየጊዜው ደም ለሚወስዱ ታካሚዎች ስለሚሰጠው ደም ደኅንነት ሦስት ጊዜ ጽፈን መዝገብ ቤት አስገብተናል። ሦስቱም ላይ ማኅተም ተመትቷል፣ ቁጥርም ተሰጥቷቸዋል። የጽሑፍ መልስ ግን የለም። በቃል የተነገረን «ደሙ ተመርምሮ ነው የሚወጣው፣ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ብቻ ነው።

ደሙ እንደሚመረመር እናውቃለን። እያንዳንዱ ከረጢት ለኤችአይቪ፣ ጉበት ለሚያጠቁት ለሄፓታይተስ ቢና ለሄፓታይተስ ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይታያል። በወሊድ ጊዜ ደም ፈሷት ሁለት ከረጢት ለምትወስድ እናት ይህ በቂ ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ታላሴሚያ፣ ማለትም ሰውነት ጤነኛ ቀይ የደም ሴል በበቂ እንዳይሠራ የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ያለበት ልጅ ግን ሁለት ከረጢት ወስዶ በዚያው የሚገላገል አይደለም። በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ከረጢት ቢወስድ በዓመት 34 ከረጢት ነው፤ በአሥር ዓመት 340። ይህ ሁሉ ከሌላ ከሌላ ሰው ክንድ የተቀዳ ነው። ለአንድ ከረጢት ኢምንት የሚባል አደጋ በ340 ሲባዛ ኢምንት ሆኖ አይቀርም። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በአገራችን ብርቅ በሽታ አይደለም።

አደጋው በየት በኩል እንደሚሾልክ እርስዎ ያውቁታል፤ የምንጽፈው ለሌላው አንባቢ ነው። ቫይረስ ሰውነት ውስጥ በገባ ማግስት በምርመራ አይገኝም። ሰውነት ሄፓታይተስ ሲን ለመከላከል የሚሠራው፣ ምርመራውም የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ እስኪታይ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንቲጅን የሚባለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ክፍልም ከአንድ ወር በላይ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ራሱን ቫይረሱን የሚፈልገው የኑክሊክ አሲድ ምርመራ የሄፓታይተስ ሲን ጊዜ ወደ ሳምንት ገደማ ያሳጥረዋል። ውድ መሆኑን ስለምናውቅ ነገ ይግባልን አላልንም። የጠየቅነው ከዚያ እጅግ የረከሰ ነገር ነው።

ወደ መስከረሙ ከረጢት እንምጣ። ለጋሽ በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። አንድ ወጣት በመስከረም ሰጠ እንበል፤ ምርመራው ነጻ አለው። በታኅሣሥ ተመልሶ ሲሰጥ ለሄፓታይተስ ሲ ፖዘቲቭ ሆነ። የታኅሣሡ ከረጢት ይወገዳል፣ ለጋሹም ይነገረዋል። መልካም። የመስከረሙስ? ያን ጊዜ ቫይረሱ ገብቶ ገና ያልታየ ሊሆን ይችላል። ደሙ ግን ወጥቷል፤ ቀይ የደም ሴሉ ለአንዱ፣ ፕላዝማው ለሌላው፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱ ለሦስተኛው። ሥርዓቱ የሚያዘው ወደ ኋላ ተመልሶ የቀደመውን ከረጢት መፈለግ፣ የወሰደውንም ሰው ጠርቶ መመርመር ነው። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። የከረጢቱ መለያ ቁጥር በታካሚው ካርድ ላይ ይጻፍ፣ በቃ።

የጠፋው እሱ ነው። ካርዱ ላይ «2 ከረጢት ወሰደ» ይላል። ቀኑ አለ፣ የደም ዓይነቱ አለ፣ ፊርማም አለ፤ ቁጥር የለም። ቁጥሩ ያለበት ወረቀት ከባዶ ከረጢቱ ጋር አብሮ ይጣላል። ስለዚህ ከመተማ ወይም ከደባርቅ ጎንደር ድረስ የሚመላለስ ታካሚ አንድ ቀን ፖዘቲቭ ነህ ሲባል የትኛው ከረጢት እንደሆነ የሚነግረው የለም። ይልቁን ጥያቄው ወደ እሱ ይዞራል፦ ጥርስ ተነቅለህ ታውቃለህ? ተነቅሰሃል? ከሴት ጋርስ? ሦስተኛውን ደብዳቤ የጻፍነው በመቶ የሚቆጠር ከረጢት የገባለት የ13 ዓመት ልጅ አባቱ ፊት እንዲህ ሲጠየቅ ከሰማን በኋላ ነው። ልጁ ምን ይመልስ? መልሱ ያለው እናንተ በጣላችሁት ወረቀት ላይ ነበር።

በእኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ተብሎ ቤተሰብ ይደነግጣል። የታላሴሚያ ታካሚ ዓይን ግን ቀይ የደም ሴሉ ስለሚፈርስ ብቻም ቢጫ ይሆናል። ሄፓታይተስ ሲጨመርበት «የለመደው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሄፓታይተስ ሲ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ከያዛቸው ከመቶ 70 ያህሉ ላይ ሥር ሰዶ ይቀራል። በዚያ ላይ አንድ ከረጢት ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይገባል፤ ሰውነት ማስወጫ ስለሌለው ጉበት ላይ ያከማቸዋል። ብረትና ቫይረስ አንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ ጠባሳው ይፋጠናል። ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ምርመራ በየሦስት ወሩ፣ የቫይረሶቹ ምርመራ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንዴ መደረግ ያለበት ለዚህ ነው። ኤኤልቲ በብረቱም ምክንያት ስለሚጨምር ብቻውን አይበቃም።

የክትባቱ ነገር ደግሞ ለመናገርም ያሳፍራል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የገባው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት አላገኙትም። ሦስት መርፌ ነው፦ አንዱ ዛሬ፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፤ መቀመጫ ላይ ከተወጋ የሚሰጠው መከላከያ ይቀንሳል። ከመጨረሻው መርፌ አንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ መከላከያው በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒት መድረሱ በደም ይለካል፤ ካልደረሰ ዙሩ ይደገማል። ይህን ስንጠይቅ «ታካሚዎቹ ጥቂት ናቸው፣ በጀት አልተያዘላቸውም» ተባልን። ጥቂት ከሆኑማ መርፌውም ጥቂት ነው! ለአሥር ሰው 30 መርፌ ነው። ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የቀይ የደም ሴል በሽታና ሌላ የደም ችግር ኖሮባቸው በየጊዜው ደም የሚወስዱት ቢጨመሩ እንኳ ቢሮዎን የሚያናጋ ሒሳብ አይደለም።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ለጋሹ ተማሪ ይበተናል፣ የደም ባንኩ ፍሪጅም ይራቆታል። ያኔ ታካሚው «ዘመድ ይዘህ ና» ይባላል። የዘመድ ደም ከባዳ ደም የተሻለ ይመስላል እንጂ አይደለም። በወንድሙ ልጅ አልጋ አጠገብ የቆመ አጎት ቅጹን ሲሞላ የሚያሳፍረውን አይናገርም፤ ይሉኝታ አለ። ፈልጎ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ደጋግሞ የሚሰጥ ለጋሽ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት መሆኑን እርስዎ በየመድረኩ ይናገራሉ።

በሄፓታይተስ ሲ ለተያዙት መድኃኒት አለ። ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር በቀን አንዴ ለ12 ሳምንት ሲወሰዱ ከመቶ ከ95 በላይ ያድናሉ። ሪባቪሪን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ግን ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርስ ለእነዚህ ልጆች አይመችም፤ የሚያዘው ሐኪም ይህን ይወቅ። ፀረ እንግዳ አካሉ ከዳኑ በኋላም ስለሚቀር መዳናቸው የሚታወቀው በቫይረስ ልኬት ነው። ለቲቢ የምንጠቀምበት ጂንኤክስፐርት የተባለው የምርመራ ማሽን ይህንንም ይለካል፤ የሚለየው ካርትሬጁ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ካርዱ ላይ ለከረጢት ቁጥር አንድ ዓምድ ይጨመር። ለጋሽ ፖዘቲቭ በሆነ ቁጥር የቀደመው ከረጢቱ ይፈለግ። ክትባቱ ይሰጥ። ለሦስቱ ደብዳቤዎቻችን መዝገብ ቤትዎ የሰጠን ቁጥሮች እጃችን ላይ አሉ፤ ሲጠይቁን አንድ በአንድ እንነግርዎታለን። እርስዎም ለዚያ ልጅ የገቡትን ከረጢቶች መለያ ቁጥር ይንገሩን።