ቦታውን በነሐሴ እዩት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በግንበኝነት ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። እዚህ ሰው ቦታ ሲገዛ የሚያማክረው ደላላ ነው። ግንበኛ የሚጠራው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ቆፍረን የምናየውን ነገር ቀድመን ብንናገር ኖሮ ስንቱ ቤተሰብ በተረፈ ነበር። ለዚህ ነው የምጽፍልዎ።

አምና አንዲት መምህርት ጠራችኝ። ከከተማው ዳር 200 ካሬ ገዝታለች። የ11 ዓመት ቁጠባዋን ከወንድሟ በተበደረችው ላይ ደምራ ነው የከፈለችው። ቦታውን ያየችው በታኅሣሥ ነበር። ደረቅ ሜዳ፣ ለአስፋልት ቅርብ፣ ፀሐይ የሚመታው። «መብራት ሊገባ ነው፣ ሰፈሩ እያደገ ነው» ብሏታል ደላላው። እኔ የደረስኩት በሰኔ መጨረሻ ነው። አንድ ሜትር ቆፈርን፤ መረሬ፣ ያ የሚያጣብቀው ጥቁር አፈር። ሁለት ሜትር ቆፈርን፤ አሁንም መረሬ። በማግስቱ ስንመለስ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ነበር።

ፌሮ ሳትገዢ መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ማለት ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የከተማው ቢሮ የሚሰጠውን ወረቀት፣ ጠይቂ ብዬ ላክኋት። ከሰዓት ተመልሳ መጣች። ለካ በመዋቅራዊ ፕላኑ፣ የከተማውን መንገድና ሰፈር በሚያሳየው ንድፍ፣ ላይ ግማሹ ቦታ መንገድ ነው። አላለቀሰችም። ለመሠረት ካስመጣነው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

መረሬ ምን እንደሆነ የገጠር ልጅ ያውቃል። የከተማ ልጅ ግን የሚያውቀው ጫማው ላይ ሲጣበቅ ብቻ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ሲያብጥ ቤቱን ከሥር ያነሳዋል፤ የሚያነሳው ደግሞ በአንድ በኩል አብዝቶ፣ በሌላው በኩል አሳንሶ ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካያችሁ ጥፋቱ የለሳኙ አይደለም፤ የአፈሩ ነው። መድኃኒት የለውም አልልም። መረሬው ተጠርጎ ይወጣል፣ በገረጋንቲ፣ በማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ ይሞላል፣ ውሃ እየረጩ በየደረጃው ይጠቀጠቃል፣ ዙሪያውን ቦይ ይወጣለታል። ይህ ሁሉ ግን ብር ነው። ይህን ወጪ ከቦታው ዋጋ ላይ ደምሩና ርካሽ የተባለው ቦታ ርካሽ መሆኑን እዩ።

የምመክረው ቀላል ነገር ነው። ቦታውን በነሐሴ ሂዳችሁ እዩት። ዝናብ ባባራ በማግስቱ ሂዱ። ውሃው የት ተኝቷል? ጎርፉ በየት በኩል አለፈ? ጎረቤት ያለው ቤት ግድግዳ ላይ የእርጥበት መስመሩ እስከ ምን ድረስ ወጥቷል? ከዚያ እዚያው ያደጉ አንድ አባት ፈልጉና የቦታውን ስም ጠይቁ። የአገራችን ሰው ለቦታ ስም ሲያወጣ ዝም ብሎ አያወጣም። ጨፌ ካሏችሁ ውሃ የሚተኛበት ነው። ለበዓል ቄጠማ የምናጭደው ከዚያ ነበር ካሏችሁ፣ ቤት ብትሠሩበትም ውሃው መምጣቱን አይተውም። ይህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ሰላምታና ግማሽ ቀን ነው።

የአፈሩ ነገር በየቦታው ይለያያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ የእኛ ጣጣ መረሬና ውርጭ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮንክሪት የሚያፈስስ ሰው ሌሊቱን ካልሸፈነው ንጋት ላይ ፊቱ ተልጦ ያገኘዋል። ከጣርማ በር ቁልቁል ስትወርዱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ደብረ ሲና አካባቢ ዳገቱ ራሱ ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ይዛባ ወይን በተባለው ቦታ መሬቱ ተንዶ ብዙ ቤት አፍርሷል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። እዚያ ቦታ የምትገዙ ሰዎች፣ ዛፉ አዘንብሎ ካያችሁ፣ ዳገቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካለ፣ ድሮ ያልነበረ ምንጭ ከፈለቀ፣ ምንም ያህል ቢያምር ተመለሱ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ የሚያሳስበው ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። በ1953 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ሸዋ ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈራረሳት ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግኩት። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ሲነሳ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከፎቅ ወርዶ አድሯል። ስምጥ ሸለቆው ጎረቤታችን ነው። በድንጋይና በጭቃ ብቻ የተገነባ ቤት ልትገዙ ከሆነ፣ ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም፣ ፌሮ ያለበት የኮንክሪት መቀነት፣ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም፤ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከገበሬ ላይ በውል የሚገዛ መሬት ያስፈራኛል። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ውሉን ብድር ያስመስሉታል፣ ስጦታ ያስመስሉታል። መንገድ ሲመጣ ወይም ቦታው ለሌላ ሲፈለግ ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። የገዛው ሰው ወረቀቱን ይዞ ይቀራል፤ የሸጠው ገበሬም መሬቱንም ብሩንም አጥቶ የቀን ሠራተኛ ሆኖ አብሮኝ ድንጋይ ይሸከማል። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ካርታ አለኝ ለሚላችሁም ካርታውን ይዛችሁ የከተማው መሬት ቢሮ ሂዱ፤ እገዳና ዕዳ እንደሌለበት ጠይቁ፤ ችካሉንም በቀያሽ አስለኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልመናዬ ልምጣ። የሕንፃ አዋጁ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የፕላን ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ሰው ይህን ለመጠየቅ ወደ ከተማው ቢሮ የሚሄደው ቦታውን ከገዛ በኋላ መሆኑ ነው። መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግል የከተማው ሁሉ ሰነድ ነው። ታዲያ ለምን በየቀበሌው ግድግዳ ላይ አይለጠፍም? መንገዱ በቀይ፣ አረንጓዴው ቦታ በአረንጓዴ፣ ወንዝ ዳር የማይሠራበት ሁሉ ተሰምሮበት። በሬሳ ወንዝ ዳር እስከ የት ድረስ እንደሚከለከል አንድ እናት በጣቷ እየነካች ማየት መቻል አለባት። ማንበብ ለማይችል የሚያስረዳ አንድ ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን ቢቀመጥ ይበቃል።

የከተማ አስተዳደሮች ይህን ለማድረግ ትልቅ በጀት የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም። ወረቀትና ሙጫ ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ በጥቅምት፣ የቦታ ግዢ ይጦፋል፤ ደላሎችም ገዢ ይዘው ሜዳ ለሜዳ መዞር ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ቢለጠፍ ብዙ ሰው ይተርፋል። ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው አድርሱልን።

መምህርቷ አሁንም ተከራይታ ነው የምትኖረው። ድንጋዩ እዚያው ቦታ ላይ ተከምሮ አለ። በዚያ ሳልፍ አየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግንበኛ፣ ከደብረ ብርሃን