ከሐይቅ ዳር፣ ጂዳ ላለው ወንድሜ

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከርመሃል?

አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬህ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ "ደግሞ ምን ነካው?" እንደምትል አውቃለሁ። ያለሁት ሐይቅ ነው። ከሜልቦርን ከገባሁ ዘጠኝ ቀኔ። ትናንት እናንተ ቤት ሄጄ እህትህ ቡና አፈላች። "ጀባ" ስትለኝ እናትህ ይቀመጡባት የነበረችውን በርጩማ አየሁና ስኒው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ያረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረስኩህም። በስልክ እንኳን። አንድ ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ፣ ወር ሲሞላ የባሰ አፈርኩ፣ ከዚያ በኋላማ ዝምታው ለመደብኝ። ይቅር በለኝ።

አንተን ያስታወሰኝ ባሕር ነው፤ ልንገርህ። ባለፈው ታኅሣሥ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እዚያው አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ወርደን ነበር፣ ዊትሰንዴይ ወደሚባሉት ደሴቶች። 74 ናቸው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ በፈረንጅ 1770 በመካከላቸው ሲያልፍ ቀኑ የጰራቅሊጦስ እሑድ፣ በእንግሊዝኛ ዊትሰንዴይ፣ መስሎት የባሕሩን መተላለፊያ እንዲህ ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ለደሴቶቹም ተረፈ። በኋላ ሲሰላ ለካ ሰኞ ኖሯል። የቀን አቆጣጠር ጣጣ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ኤርሊ ቢች ከምትባል ከተማ ተነስተን ሁለት ሌሊት በባለ ሸራ ጀልባ አደርን። ድሮ የውድድር ጀልባ ስለነበረ ተሳፋሪ ነኝ ብሎ መቀመጥ የለም፤ ሸራው እስኪሰቀል የገመዱን መጠቅለያ አብረህ ታሽከረክራለህ። ነፋስ ሲይዘው ደግሞ ጀልባው በጎኑ ይጋደማል፣ እኔም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አወረድኩት። ምግቡ ሌላ ጣጣ። የገና ጾም ነው፣ የሚቀርበው ዶሮ። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር መሀል ባሕር ላይ ብቻዬን ተከራክሬ ለራሴ ፈረድኩ።

ዋይትሄቨን የሚባል 7 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳርቻ አለ። አሸዋው የማኛ ጤፍ ዱቄት ነው የሚመስለው። 98 በመቶው ሲሊካ የሚባል ነጭ ማዕድን ስለሆነ በዚያ ፀሐይ እግር አያቃጥልም። ትንሽ ልይዝልህ አስቤ ክልክል ነው አሉኝ።

ከዚያ መጥለቁ መጣ። ከኅዳር እስከ ግንቦት የሚናደፍ ጄሊፊሽ ስለሚኖር ከአንገት እስከ እግር የሚሸፍን ስስ ልብስ አለበሱን። መነጽሩን አጥልቄ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ነክሼ፣ የጀልባው ደረጃ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ገብቷል። ያኔ ነው ትዝ ያልከኝ። እዚሁ ሐይቅ ዳር መዳፍህን ሆዴ ሥር አድርገህ "አትታገለው፣ ተኛበት!" ስትለኝ። ጸጉራችንን በፀሐይ አድርቀን፣ ምንም እንዳልሠራን ሆነን ቤት ስንገባ እናትህ ክንዳችንን በጥፍራቸው ጫር ያደርጉና ነጭ መስመር ሲወጣ ለአንተም ለእኔም እኩል ያቀምሱናል፤ የሰው ልጅ ነው ብለው አይምሩኝም ነበር።

ተኛሁበት።

ወንድሜ፣ ከሥር ያለው ሌላ አገር ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስልሃል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት የሠሩት፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ሐምራዊው፣ ቢጫው፣ የአጋዘን ቀንድ የመሰለው። ውሃው ሲሞቅ ውስጡ ያለውን የሚመግበውን አልጌ ይተፋና ይነጣል፤ እንዲህ የነጣም አይቻለሁ፣ አጥንት ነው የሚመስለው። ፓሮትፊሽ የሚሉት ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ ደግሞ ድምፁ ይሰማሃል፣ ልክ ጨለማ ውስጥ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው። አንዲት ኤሊም ከሥሬ አለፈች፣ ምንም ሳትቸኩል። መነጽሩ ውስጥ ውሃ ሞላብኝ። ከውጭ የገባ ብቻ አልነበረም።

አንተ ጂዳ ሆነህ ቀይ ባሕር ደጅህ ነው፤ እዚያም ኮራሉ ሞልቷል። ገብተህ ታውቃለህ? ወይስ ከሥራ ወደ መኝታ ብቻ ነው?

ቁጥርህን ከእህትህ ወስጃለሁ። ዓርብ ሥራ ስለማትገባ ማታ እደውልልሃለሁ። ካላነሳህ ቅዳሜም እደውላለሁ።