የፈራው ሴት የላከው ሳይሆን ንጉሥ የላከው ነው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጥንታዊት ቻይና ቤተ መንግሥት የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ በፍቅር፣ አንዴ በንዴት። ጸሐፊው «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» በሚለው ተረት ጀምረው፣ የሃን ነገሥታትን ቤት ያመሱት እቴጌዎቹና ቅምጦቹ ናቸው ብለው ጨርሰዋል። መሃል ላይ ደግሞ አልጋ ወራሹን ሊዩ ጁን «በእናቱ ምክር አባቱ ላይ ያመፀ ልጅ» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን የዚህን ቤተሰብ ታሪክ ለዓመታት ስከታተለው ኖሬያለሁና ያቺ አንድ መስመር እንቅልፍ ነሳችኝ።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው። ወደ ኋላ እንደሚቆጠሩ አትርሱ። እኔም ስጀምር ግራ ይገባኝ ነበር።)

ከፍቅሩ ልጀምር። በ139 የሃኑ ንጉሠ ነገሥት ዉዲ ገና ጎረምሳ ነው። እህቱ ልዕልት ፒንግያንግ ቤት ለግብዣ ሄዶ ዘፋኞች ቀረቡለት። አንዷን ወደዳት። ዌይ ዚፉ ትባላለች፤ ዘር ማንዘሯ የማይጠራ፣ የአገልጋይ ልጅ ናት። ወደ ቤተ መንግሥት ወሰዳት፣ ከዚያ ረሳት። ከዓመት በላይ ዓይኗን አላየም። በኋላ ለግቢው የማያስፈልጉ ሴቶች ይሰናበቱ ተብሎ ሲለዩ እሷም ቀርባ እያለቀሰች «ልሂድ» አለች። ንጉሡ አያት፣ አዘነላት፣ አስቀራት። በ128 ወንድ ልጅ ወለደችለት። ሠላሳ ሊሞላው ምንም ያህል ያልቀረው ንጉሥ ወንድ ልጅ ሲያይ ይሄ የመጀመሪያው ነው። እሷ እቴጌ ሆነች፣ ልጁ ሊዩ ጁ በ122 አልጋ ወራሽ ተባለ። ወንድሟ ዌይ ቺንግ ሺዮንግኑ የሚባሉትን የሰሜን ዘላኖች ፈረሰኞች ድል የነሳ ታላቅ የጦር አለቃ ሆነ። በዚያ ግቢ ለእናትና ልጅ ከዚህ የተሻለ አጥር አይገኝም።

አጥሩ ግን ሰው ነው፣ ሰው ይሞታል። ዌይ ቺንግ በ106 ሞተ። እቴጌዋ አረጀች። ንጉሡ ሌሎች ወደደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ጎን ልውጣ፤ እመቤት ሊን ሳላነሳ ማለፍ አይሆንልኝም። ዉዲ ከልቡ የወደዳት ሌላዋ ሴት ናት። በጠና ታማ ሊጠይቃት መጣ። ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ጎትታ ተሸፈነች። «አንዴ ብቻ ልይሽ» አላት። «ልጄንና ወንድሞቼን አደራ» አለች እንጂ አልተገለጠችም። ወርቅ ልስጥሽ፣ ለወንድሞችሽ ሹመት ልስጥ አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ተናዶ ወጣ። እህቶቿ «ምነው አንዴ ብታሳዪው?» ብለው ተቆጧት። መልሷን ልብ በሉ፦ የወደደኝ ለመልኬ ነው፣ መልኬ ሲሄድ ፍቅሩ ይሄዳል፣ ፍቅሩ ሲሄድ ደግሞ ምሕረቱ አይኖርም፤ ዛሬ የከሳ ፊቴን ካየ ነገ ወንድሞቼን የሚያስታውስ ይመስላችኋል? አለች። እንዳሰበችውም ሆነ። ከሞተች በኋላ ሲናፍቃት ኖረ፣ ወንድሟም የጦር አዛዥ ሆነ። ጸሐፊያችሁ ይሄን «የሴት ተንኮል» ይሉት ይሆናል። እኔ የታመመች ሴት የያዘችው የመጨረሻ ካርታ እለዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ዉዲ እያረጀ ሲሄድ ሚስቱንም ልጁንም የሚያገኘው ከስንት አንዴ ሆነ። በመሃል ወሬ የሚያመላልሱት ጃንደረቦችና ባለሟሎች ናቸው። አልጋ ወራሹ እናቱን ሊጠይቅ ገብቶ ቆየት ብሎ ቢወጣ፣ ሱ ዌን የሚባለው ጃንደረባ ሮጦ «ልዑሉ ከገረዶቹ ጋር ሲጫወት ነበር» ብሎ አሳበቀ። ንጉሡ ምንም አልተናገረም፤ የልጁን ገረዶች ቁጥር 200 አደረሰለት! ልጁ ነገሩን የሰማው ቆይቶ ነው።

እናቱ ምን መከረችው? ዋናው ጥያቄ ይሄ አይደል? ጥርሷን ነክሳ፣ ለአባትህ ራስህ ንገረውና እነዚህን ሰዎች ያስወግዳቸው አለችው። ምክሯ ይኸው ነው። «አምፅ» አላለችውም። እንቢ ያለው ልጁ ነው። ጥፋት ከሌለብኝ ሱ ዌንን ምን አስፈራኝ፣ አባቴ አስተዋይ ነው፣ የሐሰት ወሬ አይሰማም ብሎ ተወው። አባቱን አመነ ማለት ነው። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር እበሽቃለሁ።

ደግሞ ልክ ነበር፣ እስከተያዩ ድረስ። አንዴ ንጉሡ ትንሽ አሞት ቻንግ ሮንግ የሚባል ጃንደረባ ልጁን እንዲጠራ ላከ። ቻንግ ሮንግ ቀድሞ ተመልሶ «ልዑሉ ሕመምዎን ሲሰማ ፊቱ ፈካ» አለ። ንጉሡ ዝም። ልጁ ገባ። አባትየው ፊቱን ቢያየው የእንባ መስመር አለበት፤ አልቅሶ፣ አባቱ ፊት ሲደርስ ግን በግድ እየሳቀ ያወራል። ንጉሡ ነገሩን አጣራ፣ ውሸቱን ደረሰበት፣ ቻንግ ሮንግን አስገደለው። ይህን ሁሉ ሐሜት ለማፍረስ የልጁን ጉንጭ ማየት በቃ።

ጂያንግ ቾንግ የሚባለው የንጉሡ ሹም ሌላ ጉድ ነው። ለንጉሥ ብቻ በተከለለው መንገድ ላይ የአልጋ ወራሹ መልእክተኛ ሠረገላ ሲነዳ ይዞ ሠረገላውን ወረሰ። ልዑሉ፣ እባክህ አባቴ አይስማ፣ ሰዎቼን በደንብ አልቀጣኋቸውም ተብዬ እንዳልወቀስ ብሎ ለመነው። ሰውየው አልሰማውም፣ ሄዶ ተናገረ። ንጉሡም «አገልጋይ እንዲህ ነው!» ብሎ አመሰገነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጂያንግ ቾንግ አንድ ስጋት ያዘው። ሽማግሌው ሞቶ ይሄ ልጅ የነገሠ ቀን አለቀልኝ።

በዚያ ላይ በ94 እመቤት ጎዪ የምትባል ወጣት ቅምጥ ወንድ ልጅ ወለደች። በ14 ወሯ ወለደች ተባለ። ያኦ የሚባለው የጥንት ቅዱስ ንጉሥም በ14 ወሩ ነው የተወለደው ይባላልና፣ ዉዲ በደስታ የልጅቷን በር «የያኦ እናት በር» ብሎ ሰየመው። የበር ስም ብቻ ነው፣ ግን እቴጌና የጎለመሰ አልጋ ወራሽ ባሉበት ግቢ አንድ በር «የንጉሥ እናት በር» ሲባል፣ ሥራ ፈትቶ የንጉሡን ፊት የሚያነብ ባለሟል ሁሉ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው አስቡት። ትልቁ ልጅ ተጠልቷል አሉ።

91 መጣ። ንጉሡ 65 ዓመቱ ነው፣ ታሟል፣ በየጥላው ሥር መተት ይታየዋል። ከዋና ከተማው ከቻንግአን ርቆ በሰሜን፣ ጋንቹዋን በሚባለው ቤተ መንግሥት ተቀምጧል። ከገዛ ሴት ልጆቹ ሁለቱ በመተት ክስ ተገድለዋል። ጂያንግ ቾንግ ሕመሙ ከመተት ነው ብሎ የምርመራውን ሥልጣን ተቀበለ። ከባዕድ ጠንቋዮች ጋር ሆኖ ግቢውን መቆፈር ጀመረ። መጀመሪያ ንጉሡ የረሳቸውን ቅምጦች ቤት፣ ቀጥሎ የእቴጌዋን፣ ቀጥሎ የአልጋ ወራሹን። እናትና ልጅ አልጋ የሚዘረጉበት ደረቅ መሬት እስኪያጡ ድረስ ወለሉ ተቆፈረ። ከዚያም ከልዑሉ ቤት ከእንጨት የተቀረጹ አሻንጉሊቶች «ተገኙ»። ማን እንደቀበራቸው እናንተው ገምቱ።

ልዑሉ መጀመሪያ ያሰበው አባቱ ጋ ሄዶ መናገር ነበር። ጂያንግ ቾንግ ግን ፋታ አሳጣው። ያኔ መምህሩ ሺ ዴ የፉሱን ታሪክ አስታወሰው። ፉሱ በ210 የሞተው፣ ከሃን በፊት የነበረው የቺን ሥርወ መንግሥት ንጉሥ የበኩር ልጅ ነው። የአባቱ ሞት ተደብቆ (ሬሳው እንዳይሸት አብሮት የተቀመመ ዓሣ ተጭኖ ነበር) «ራስህን ግደል» የሚል የሐሰት ደብዳቤ ተላከለት። አባቴ ካለ ብሎ ራሱን ገደለ። ሺ ዴ ለተማሪው ያለው በአጭሩ፣ አባትህ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አናውቅም፣ አንተም እንደ ፉሱ ልትሆን ነው? ነው። ከዚያ አልጋ ወራሹ ሰዎቹን የንጉሥ መልእክተኛ አስመስሎ ልኮ ጂያንግ ቾንግን ያዘው፣ ገደለው። እናቱ ዘንድ የላከው ከወሰነ በኋላ፣ ሌሊት ነው። እሷም የግቢውን ሠረገላና የጦር መሣሪያ ሰጠችው። መስጠቷን አልክድም። መካሪው ግን የጎለመሰ ወንድ መምህር ነበር። ጸሐፊያችሁ ስሙን እንኳ አላነሱትም።

ሱ ዌን አመለጠና ጋንቹዋን ደርሶ «ልጅዎ አመፀ» አለ። ንጉሡ አላመነም! ልጄ ፈርቶ ነው፣ በጂያንግ ቾንግም ተናድዶ ነው፣ ሂድ ጥራልኝ ብሎ አንድ መልእክተኛ ላከ። ይህ ሰው ወደ ቻንግአን መግባት ፈራ። ከመንገድ ተመልሶ፣ ልዑሉ በእርግጥ አምፀዋል፣ ሊገድሉኝ ሲሉ አምልጬ መጣሁ አለ።

«ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ላላችሁት መልሴ ይኸውላችሁ። ይሄን ሰው የላከው የሰማይ ልጅ የተባለው ንጉሥ ነው። ፈራ። በፍርሃቱ ላይ ውሸት ጨመረ። ያ ሰው ደፍሮ ገብቶ «አባትህ ይጠራሃል» ቢል ኖሮ ነገሩ ሁሉ በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችል ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ቶሎ ልለፈው። አምስት ቀን በከተማው ውስጥ ጦርነት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሬሳ። ልዑሉ ተሸነፈ። የበሩ አዛዥ ቲየን ረን፣ የአባትና የልጅ ጉዳይ ነው ብሎ አሳለፈው፤ ለዚህም በሞት ተቀጣ። ዌይ ዚፉ የእቴጌነት ማኅተሟን ሊወስዱ ሲመጡባት ራሷን ገደለች። 38 ዓመት እቴጌ ሆና። ልጇ ሁ በሚባል ወረዳ የአንድ ድሃ ቤት ተደበቀ። ባለቤቱ ጫማ እየሸጠ ይቀልበው ነበር። ሲደረስበት በሩን ዘግቶ ታነቀ።

ከዚያማ ሽማግሌው ገባው። የመተቱ ክስ አብዛኛው ፈጠራ መሆኑ ታወቀ። ቲየን ቺየንቺዩ የሚባል የመቃብር ቦታ ሹም፣ በአባቱ ጦር የተጫወተ ልጅ ቅጣቱ ልምጭ ነው የሚል ማመልከቻ ጻፈለት፤ በዚህ ሳቢያ እስከ ዋና ሚኒስትርነት ወጣ። የጂያንግ ቾንግ ቤተሰብ ተጨፈጨፈ፣ ሱ ዌን ድልድይ ላይ ተቃጠለ። ንጉሡ ሁ ላይ «ልጅን የማሰቢያ» ቤተ መንግሥትና ከፍ ያለ ሰገነት አሠራ። ሰገነት ላይ ወጥቶ የማይመጣ ልጅ መጠበቅ እንግዲህ።

ተማረ እንዳትሉኝ። ትንሹን የጎዪን ልጅ ሊያነግሥ ሲወስን፣ በ88 ሰበብ ፈልጎ እናቱን አስገደላት። ለምን ሲባል፣ ሕፃን ንጉሥና ወጣት እናት አገር ያምሳሉ፣ የእቴጌ ሉን ታሪክ አልሰማችሁም? አለ። እቴጌ ሉ ጨካኝ ነበረች፣ አይካድም። ባሏ፣ የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች ሊዩ ባንግ፣ በ195 ሲሞት የቅምጡን የእመቤት ቺን ልጅ በመርዝ ገደለች፣ እናቲቱን እጅ እግሯን አስቆርጣ ጣለቻት። ግን ልጇን ከአልጋ ወራሽነት አውርዶ የእመቤት ቺን ልጅ ሊተካ ለዓመታት ሲያስፈራራት የኖረው ማነው? ሊዩ ባንግ ራሱ። እመቤት ጎዪ ደግሞ ምንም አላደረገችም። ነገ ታደርጊያለሽ ተብላ ነው የሞተችው። ጸሐፊያችሁ የዉዲን አስተሳሰብ ነው የደገሙት። ከዘመናት በኋላ ሰሜን ዌይ የሚባለው ሌላ ሥርወ መንግሥት ነገሥታትም ይህንኑ ምሳሌ ጠቅሰው የአልጋ ወራሽን እናት መግደልን ወግ አደረጉት።

ስለዚህ ሁለት እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። «በእናቱ ምክር» የሚለው ይነሳ። አንድ የተዘለለ ሰው ደግሞ ይግባ።

ልዑሉ ሲሞት አንድ የልጅ ልጅ ተርፏል፤ ገና ጥቂት ወር የሆነው፣ እስር ቤት የተጣለ። ቢንግ ጂ የሚባል የእስር ቤት ኃላፊ አዝኖለት ጡት ያላቸው ሴት እስረኞች እንዲያጠቡት አደረገ። በ87 ንጉሡ ሊሞት ሲል የሰማይ ምልክት አንባቢዎች ከቻንግአን እስር ቤቶች የንጉሥነት ጨረር ይታያል አሉት። እስረኛ በሙሉ ይገደል ብሎ በሌሊት ጉዎ ራንግ የሚባል መልእክተኛ ላከ። ቢንግ ጂ በሩን ዘጋ። ሌላው እንኳ ያለ ጥፋቱ መሞት የለበትም፣ እዚህ ያለው ደግሞ የንጉሡ የልጅ ልጅ ልጅ ነው ብሎ እስኪነጋ አላስገባውም። ጉዎ ራንግ ተመልሶ ከሰሰው፣ ግን የሆነውን እንደሆነ ተናገረ። ዉዲ ሰማና «ሰማይ ያደረገው ነው» ብሎ ምሕረት አወጀ። ሕፃኑ በ74 ንጉሠ ነገሥት ሹዋን ሆነ። ቢንግ ጂ ያደረገውን ለዓመታት ለማንም አልተነፈሰም፤ ንጉሡ ያወቀው አንዲት የቀድሞ የግቢ አገልጋይ «ያሳደግኩህ እኔ ነኝ» ብላ አቤት ስትል ነገሩ ሲጣራ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ